የምርጥ ምድጃ አያያዝና ጥገና
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

የእርሻ ምርምር ሰዎች ስለ ምድጃ ምን አገባቸው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ አስቀድመን እንመልሰው። እንጨት እየራቀ በሄደባቸው የደጋና የወይና ደጋ አካባቢዎች ገበሬው የሚማግደው ኩበትና የሰብል አገዳ ነው። ኩበት ሲነድ በውስጡ የነበረው ናይትሮጂን ከጭሱ ጋር ይሄዳል። በአመዱ ውስጥ የሚቀሩት ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ፎስፈረስና እነዚህን የመሳሰሉት ብቻ ናቸው። አፈሩን አላልቶ ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገው ብስባሽም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በምድጃ ላይ ያለ አግባብ የሚባክን ኩበት ከማሳ የጎደለ ፍግ ነው። ከቤተሰቡ ማገዶ ደግሞ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር መሆኑ የታወቀ ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ተሠርቶ የተሠራጨው ምርጥ ምድጃ ይህን ብክነት ለመቀነስ የታሰበ ነው። በጥንቃቄ በተደረጉ የመጋገር ሙከራዎች ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ እንደሚችል ታይቷል። ነገር ግን ይህ ውጤት የተገኘው መገጣጠሚያው በደንብ በተመረገ ምድጃ፣ በልኩ በተሠራ ምጣድና በደረቅ እንጨት ነው። በገጠር ወጥ ቤት ከቆየ በኋላ ምድጃው በዚያው ሁኔታ ላይ መገኘት አለመገኘቱን ሄዶ ያላየ ሰው ስለ ቁጠባው መናገር አይችልም።

ይህ ጽሑፍ ምድጃው እንዴት እንደሚመረትና እንደሚሠራጭ አያስተምርም። የሚመለከተው አስቀድሞ በየቤቱ የገባውን ምድጃ ነው።

በአንድ ወረዳ ያየነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የደጋ ወረዳ ከአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር ሆነን ምድጃ በማከፋፈል ሥራ ተካፍለን ነበር። በሪፖርታችን ላይ የተከፋፈለውን ብዛት ጽፈን ሥራው ተጠናቀቀ አልን። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ለገብስ ሙከራ ወደዚያው ቀበሌ ተመልሰን ሄድን። ምሳ የጋበዙን እናት እንጀራ የሚጋግሩት በጉልቻ ላይ ነበር። ምድጃው ከወጥ ቤቱ ጥግ ቆሞ በውስጡ ዶሮ ታቅፋበታለች።

ምን እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው «ልጆቼ፣ ምድጃው ክፉ አልነበረም። ሲላቀቅ ግን የሚያየው ሰው አጣሁ። ጭሱ በየጎኑ መውጣት ሲጀምር፣ እንጨቱም እንደ ጉልቻው መፍጀት ሲጀምር፣ ምን ብዬ ቦታ ላጣብብ?» አሉን። ዶሮዋን ላለማስነሣት እየተጠነቀቅን ምድጃውን ተመለከትን። ከስድስቱ ቁራጮች አንዱም አልተሰበረም፤ የእንጨት ማስገቢያው ከንፈር ብቻ ትንሽ ተሸርፏል። የወደቀው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የነበረው ምርጊት ነው። ሁለት እፍኝ ጭቃ የሚበቃው ነበር።

ጥፋቱ የእኛ ነው። እንዴት እንደሚገጠምና እንዴት እንደሚነድ ስናሳይ ምርጊቱ በእሳት እየረገፈ የሚሄድ ነገር መሆኑን፣ ስለዚህም በየጊዜው መታደስ እንዳለበት አልነገርንም። በዚያው መንደር ሸክላ የሚሠሩ አንዲት ሴት ግን ከእኛ የተቀበሉትን ያንኑ ምድጃ እንደ አዲስ ይዘውት አገኘን። ማንም ሳይነግራቸው በየወሩ መገጣጠሚያውን እየጠረጉ ይመርጉታል። ከዚህ በታች ስለ ጭቃው አዘገጃጀት የምንጽፈው አብዛኛው ከእርሳቸው የተማርነው ነው። እሳትና አፈር ሲገናኙ የሚሆነውን ሸክላ ሠሪ ከእኛ ይበልጥ ያውቃል።

ምድጃው እንዴት እንደሚሠራ

ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራ ነው። አራቱ ቁራጮች ሲገጣጠሙ ምጣዱ የሚቀመጥበትን ክብ ግድግዳ ይሠራሉ። የቀሩት ሁለቱ ከኋላ ተጋጥመው ጭሱ የሚወጣበትንና ድስት ወይም ጀበና የሚጣድበትን መቀመጫ ይሠራሉ። ከፊት ለፊት የእንጨት ማስገቢያው አለ። ፑሚስ የተመረጠበት ምክንያት በውስጡ ብዙ የአየር ቀዳዳ ስላለው ሙቀት ቶሎ የማያሳልፍ በመሆኑ ነው። የወንዝ አሸዋ ግን ከባድ ነው፤ ሙቀቱንም ወደ ውጭ ይስበዋል።

አየር በፊት ለፊቱ አፍ ይገባል፤ በእሳቱ ውስጥ ያልፋል፤ የጋለው አየር የምጣዱን ሆድ እየላሰ ወደ ኋላ ይሄድና በመውጫው ይወጣል። የጋለው አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ሲወጣ አዲሱን አየር ከፊት ይስባል። ይህ ስበት እጅግ ደካማ ነው። ምድጃው ረጅም የጭስ ማውጫ ቱቦ ከሌለው ደግሞ ይበልጥ ይደክማል። ስለሆነም በየትኛውም መገጣጠሚያ ላይ ጣት የሚያህል ክፍተት ቢኖር አየሩ ቀላሉን መንገድ መርጦ በዚያ ይገባል። በዚያ የገባው አየር እሳቱን ሳይነካ የምጣዱን ሆድ እያቀዘቀዘ ይወጣል። በምጣዱ ከንፈር ሥር ያለው ክፍተት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሙቀቱና ጭሱ ወደ ኋላ ሳይደርሱ በጋጋሪዋ ፊት ይወጣሉ።

ምርጊት የቤት ማስዋቢያ የሚመስላቸው የሥራ ባልደረቦች አጋጥመውናል። እኛ ግን ምርጊቱን ከምድጃው ክፍሎች እንደ አንዱ፣ እንደ ሰባተኛው ቁራጭ እንቆጥረዋለን።

ጉዳቱን መመርመር

ምርመራው ምድጃው ቀዝቅዞ ሳለ ይጀመራል። ምጣዱን አንሥቶ በውስጥ በኩል ግድግዳውን መመልከት፣ ከዚያም በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ጣትን እያሳለፉ መዳሰስ ይበቃል። በጨለማ ወጥ ቤት ውስጥ በምድጃው ውስጥ የእጅ ባትሪ አስቀምጦ ከውጭ ብርሃኑ የሚታይበትን ቦታ መፈለግ ቀላል ዘዴ ነው። ቀጥሎ እሳት ሲነድ መመልከት ያስፈልጋል። ጭስ ከኋላው መውጫ ብቻ ሊወጣ ይገባል። በጎን ወይም በምጣዱ ዙሪያ የሚወጣ ከሆነ ቦታውን በከሰል ምልክት ማድረግ ነው። በምድጃው ውጭ ግድግዳ ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ከታየ ፍሳሹ የቆየ መሆኑን ያመለክታል።

ጋጋሪዋን መጠየቅ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። «ምጣዱ ለመስማት ድሮ ከሚፈጀው ጊዜ አሁን ይበልጥ ይቆያል ወይ? በየትኛው ወገን ነው እንጀራው የሚነጣው?» ብሎ መጠየቅ ነው። እንጀራው ዘወትር በአንድ ወገን የማይበስል ከሆነ በዚያ በኩል ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ወይም ምድጃው ተዳፋት ላይ ቆሟል፣ ወይም አመዱ በአንድ ወገን ተቆልሏል። እንጀራው በመሀል እያረረ ዳሩ የሚነጣ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከእሳቱ አደራረግ ነው፤ እንጨቱ ተገፍቶ መሀል ላይ ተከምሯል።

ልኩ ያልሆነ ምጣድ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ምድጃው የተሠራው ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ምጣድ ነው። ሸክላ ሠሪዎች ግን ምጣድን በዓይናቸውና በእጃቸው ልክ ስለሚሠሩ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል፣ አንዳንዱም በተኩስ ጊዜ ይጣመማል። ጠባቡ ምጣድ ወደ ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል፤ ሰፊው በግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ የኋላውን መውጫ ይደፍናል። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለአካባቢው ሸክላ ሠሪዎች ከቆርቆሮ ወይም ከሽቦ የተሠራ የልክ ቀለበት ቢሰጥ ይህ ችግር ይቃለላል። ወጪው ጥቂት ነው፤ ከሸክላ ሠሪዎች ጋር ለመነጋገርም ምክንያት ይሆናል።

ጭቃው

ለምርጊት የሚሆነው አፈር ሲደርቅ ብዙ የማይሰነጠቅ፣ እሳት ሲያገኘው የሚጠነክር መሆን ይኖርበታል። የምስጥ ኩይሳ አፈር በጣም ጥሩ ነው፤ ምስጡ አፈሩን አድቅቆ አጣብቆታልና። እርሱ ካልተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ይሆናል። መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ግን ሲረጥብ አብጦ ሲደርቅ የሚኮማተር ስለሆነ ብቻውን አይሆንም። በማሳ ላይ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚፈጥረው ያው ጠባዩ በምድጃ ላይም ይታያል። ሌላ አፈር ከጠፋ አሸዋና ጭድ በብዛት ጨምሮ መጠቀም ይቻላል።

አፈሩ ተነፍቶ ጠጠሩ ከወጣለት በኋላ በእጅ የደቀቀ የጤፍ ጭድ፣ ጥቂት የተነፋ አመድና ውኃ ተጨምሮ በደንብ ይረገጣል። ሁለት ወይም ሦስት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆያል፤ በየቀኑም ይታሻል። ሸክላ ሠሪዋ ከእበት ጋር ያሹት ነበር፤ ይህም መልካም ነው። ጭቃው መድረሱን ለማወቅ ጣት በሚያህል ውፍረት ጠቅልሎ በቀስታ ማጠፍ ነው። ወዲያው ከተቆረጠ ውኃ ወይም ሸክላ አፈር አንሶታል፤ በእጅ ላይ ከተለጠፈ ውኃ በዝቶበታል። የጠቀለሉትን በጥላ አድርቆ ስንጥቁን መመልከትም ጥሩ ነው። ከተሰነጠቀ ጭድና አሸዋ መጨመር ያስፈልጋል።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሁሉ ትተው መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ ብቻ ሲለስኑት አይተናል። የጸና ሥራ ይመስላል፤ ግን ሁለት ጉዳት አለው። ንጹሕ ሲሚንቶ በእሳት አጠገብ ቶሎ ተሰነጣጥቆ ይላቀቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ስድስቱን ቁራጮች አንድ ስለሚያደርጋቸው ነው። ምድጃው ሲግል ቁራጮቹ ጥቂት ይለጠጣሉ፤ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባሉ። በመካከላቸው ያለው ጭቃ ይህን እንቅስቃሴ ይችለዋል። ሲሚንቶ ግን አይችለውም፤ ስለዚህ ቁራጩ ራሱ ይሰነጠቃል። ከዚያም የተሰነጠቀውን አንዱን ብቻ አውጥቶ መለወጥ አይቻልም።

የጥገናው አሠራር

ምድጃው ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ምጣዱ ተነሥቶ አመዱ ይጠረጋል። መሬቱ የተስተካከለ መሆኑ በጎድጓዳ ሳህን ውኃ ይታያል፤ ውኃው በአንድ ወገን ካደላ ቁራጮቹ ተነሥተው ሥሩ በደረቅ አፈር ተጠቅጥቆ መስተካከል አለበት። ያልተስተካከለ መሬት ላይ የተመረገ ምድጃ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና መላቀቁ አይቀርም።

አሮጌው ጭቃ በሙሉ በጩቤ ወይም በቆርቆሮ ይፋቃል። አዲስ ጭቃ በጥላሸትና በአቧራ ላይ አይጣበቅም። ከዚያ የመገጣጠሚያው ገጽ በእርጥብ ጨርቅ ይረጥባል። ደረቅ ሲሚንቶና ፑሚስ የጭቃውን ውኃ በቅጽበት ስለሚመጥ ይህን እርምጃ ያለፈ ሰው ጭቃው በማግሥቱ እንደ ቅርፊት ተላቅቆ ያገኘዋል። ጭቃው በአውራ ጣት ከውስጥም ከውጭም እየተጫነ ወደ ክፍተቱ ይገባል እንጂ ከላይ ብቻ አይለሰንም። በጥላ እንዲደርቅ ይተዋል። በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ትንንሽ ስንጥቆች ይታያሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በውኃ አርጥቦ በቀጭን ጭቃ ሁለተኛ ጊዜ መለሰን ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ሁለተኛውን ልስን ነው።

የምጣዱ ዙሪያ ከሌላው ይለያል። ምጣዱ በየጊዜው የሚነሣ ስለሆነ እዚያ ጭቃው ስስ መሆን አለበት፤ አንዳንድ እናቶች በውኃ የታሸ አመድ ብቻ ይጠቀማሉ። እኛም ይህን እንመርጣለን፤ በቀላሉ ይፋቃል፣ ምጣዱንም አይነክሰውም።

የእንጨት ማስገቢያው ከንፈር የሚሸረፈው ወፍራም ግንድ በእርሱ ላይ ስለሚያርፍና አንዳንዴም በጉልበት ስለሚገፋ ነው። ትንሽ ሽርፈት በጭቃ ይሞላል። ቁራጩ ለሁለት ከተሰበረ ግን ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ስባሪዎቹን አጋጥሞ የክቡን ዙሪያ በወፍራም ሽቦ ከላይና ከታች ማሰርና በፒንሳ ማጥበቅ፣ ስንጥቁንም በጭቃ መምረግ ነው። ይህ ጊዜያዊ ይመስላል እንጂ በጥንቃቄ ከተሠራ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ሁለተኛው ቁራጩን መለወጥ ነው። አዲሱ ቁራጭ ከዚያው ምድጃውን ከሠራው ማምረቻ መምጣት ይኖርበታል፤ የአንዱ ማምረቻ ቅርጽ ማውጫ ከሌላው በጥቂት ሊለያይ ስለሚችል ቁራጮቹ አይገጥሙም። ስለዚህ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ምድጃ ሲያዝ የማምረቻውን ስም መዝግቦ መያዝና የፊቱን ቁራጭና የኋላውን መቀመጫ በመለዋወጫነት ጨምሮ ማዘዝ ይገባዋል። በብዛት የሚሰበሩት እነዚህ ናቸው።

አዲስ ቁራጭ በሚቀበሉበት ጊዜ መቼ እንደ ተሠራ መጠየቅ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውኃ እየጠጣ ነውና ቢያንስ ለ7 ቀናት በጥላ ሆኖ ጠዋትና ማታ ውኃ ሊጠጣ፣ ከዚያም ሊደርቅ ይገባዋል። ሳይጠጣ በፀሐይ የደረቀ ቁራጭ በጥፍር ሲፋቅ ይረግፋል። ገና እርጥብ ሳለ ትልቅ እሳት ያገኘው ደግሞ በውስጡ ያለው ውኃ እንፋሎት ሆኖ ይሰነጥቀዋል። አዲስ የተገጠመ ወይም የተጠገነ ምድጃ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት በጭራሮ ብቻ ቀስ እያለ መሞቅ አለበት።

የጋለ ምድጃ ላይ ውኃ መድፋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከጋገሩ በኋላ የተረፈውን እንጨት ለማጥፋት በምድጃው ውስጥ ውኃ የሚረጩ አሉ። እንጨቱን ወደ ውጭ አውጥቶ በአመድ ውስጥ መቅበር ይሻላል፤ ለነገም ሳይረጥብ ይቆያል።

አመድና ጥላሸት

አመድ በዝቶ ሲከመር እሳቱን ወደ ምጣዱ ከመጠን በላይ ያቀርበዋል፤ የአየሩንም መግቢያ ያጠብባል። በየጋገሩ ቁጥር መጥረግ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ስስ ሽፋን በመሬቱ ላይ ቢቀር ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ይረዳል። ከኋላ ያለው የጭስ መውጫ በጥላሸት ሲጠብ ምድጃው በአፉ መጤስ ይጀምራል። በበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም በጭራሮ መጥረጊያ መጥረግ ይበቃል። ድስት የሚጣድበት መቀመጫ ላይ ሰፊ ድስት ተጥዶ መውጫውን የሚደፍንበት ጊዜም ብዙ ነው። ምድጃው ተበላሸ ተብለን ተጠርተን ሄደን ያገኘነው ጥፋት ትልቅ ድስት ሆኖ ያውቃል።

አመዱ አይጣል። አሲድነት በሚያጠቃው አፈር ላይ ቢበተን አሲዱን ያበርዳል፤ ፖታሲየምም ይሰጣል። ነገር ግን ከዩሪያ ወይም ከእርጥብ ፍግ ጋር አይደባለቅ፤ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ወደ አየር እንዲያመልጥ ያደርጋልና። ጨዋማነት በሚያጠቃው ቆላ አፈር ላይም አይመከርም። ፍም ያለበት አመድ በሣር ክዳን ቤት አጠገብ እንዳይደፋ ማስጠንቀቅ ከልማት ሠራተኛው ይጠበቃል።

ማገዶው

ምድጃው ምንም ያህል ቢጠገን በእርጥብ እንጨት አይሠራም። ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 10 ኪሎ ግራም አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ 4 ኪሎው ውኃ ነው እንበል። የቀረው 6 ኪሎ ደረቅ እንጨት በኪሎ ወደ 18 ሜጋ ጁል፣ በድምሩ ወደ 108 ሜጋ ጁል ሙቀት አለው። 4 ኪሎውን ውኃ አሙቆ ለማትነን ወደ 10 ሜጋ ጁል ይጠፋል። ከአሥር እጅ አንድ ያህል መሆኑ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ቀላል በሆነ ነበር። ትልቁ ጉዳት ግን ውኃው እስኪተንን እሳቱ ስለሚቀዘቅዝ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ ጭስ ሆኖ መሄዱ ነው። ጋጋሪዋ ዓይኗ የሚያለቅሰው፣ መውጫውም በጥላሸት የሚደፈነው ባልነደደ ማገዶ ነው።

እንጨቱ ተፈልጦ፣ ከዝናብ በተጠለለና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተደርድሮ ሊከርም ይገባል። ያልተፈለጠ ግንድ ልጡ ውኃውን ስለሚይዘው ቶሎ አይደርቅም። ፍልጡ ከእጅ አንጓ ባይወፍር ጥሩ ነው። የምድጃውን አፍ ሙሉ በሙሉ በእንጨት መድፈን አየሩን መከልከል ስለሆነ ከላይ በኩል ባዶ ቦታ መቅረት አለበት።

ስለ ማራገቢያ

በከተማ አቅራቢያ ያሉ ወጣቶች ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣ ፋን በባትሪ ወይም በፀሐይ ኃይል እያሠሩ በምድጃው አፍ ላይ እንግጠም ወይ ብለው ጠይቀውናል። ሐሳባቸውን አንንቅም፤ ብረት ቀጥቃጩ በወናፍ የሚሠራው ይህንኑ ነውና። ለምጣድ ግን አንመክርም። ብረት ቀጥቃጩ የሚፈልገው በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ኃይለኛ ሙቀት ነው፤ ምጣድ የሚፈልገው ከዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ መካከለኛ ሙቀት ነው። በአንድ ወገን የሚነፋ ነፋስ የምጣዱን አንድ ቦታ አግሎ ሌላውን ስለሚተው ሸክላው ይሰነጠቃል፤ አመዱም በሊጡ ላይ ይበተናል። እሳቱ ያለ እፍታ አልነድ ካለ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ አመዱ በዝቷል፣ ወይም መውጫው ተደፍኗል። መፍትሔው እርሱን መፈለግ ነው።

ወጥ ለመሥራትና ውኃ ለማፍላት የሚያገለግሉ፣ ከመጀመሪያው ከማራገቢያ ጋር ተቀናጅተው የተሠሩ ትናንሽ የእንጨት ምድጃዎች ግን አሉ። እነዚህን የገዛ ማኅበር ካለ ስለ ማራገቢያቸው ጥቂት ማወቅ ይጠቅመዋል። እሳቱ ሳይጠፋ ማራገቢያውን ማጥፋት የተለመደ ስሕተት ነው። ነፋሱ ሞተሩንም ያቀዘቅዘዋል፤ ነፋሱ ሲቆም ሙቀቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፣ የሞተሩንም ሽቦ ያቃጥላል። ፍሙ እስኪያልቅ መሥራት አለበት። ክንፎቹ ላይ አመድ ሲጋገር ነፋሱ ይደክማል፣ ማራገቢያውም ይንቀጠቀጣል፤ ባትሪውን ነቅሎ በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ነው እንጂ ውኃ አይነካውም። ጨርሶ ካልዞረ አስቀድሞ ባትሪውንና የሽቦውን መጋጠሚያ ማየት፣ ቀጥሎ በጣት ገፋ አድርጎ መዞሩን መሞከር ነው። ተቸግሮ የሚዞር ከሆነ በዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ሊያድነው ይችላል። በሚለወጥበት ጊዜ የአዲሱ ቮልት ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩም መለዋወጥ የለበትም።

ለልማት ሠራተኛው

ወጥ ቤት የሴቶች የሥራ ቦታ ነው። ወንድ የልማት ሠራተኛ ብቻውን ገብቶ የሚያደርገው ምርመራ ብዙም አያራምደውም፤ ባልየውን አነጋግሮ የሚመለስ ደግሞ ምንም አያገኝም። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አብሮ መሄድ ጠቃሚ ነው። የእርሷም ሥራ ነው፤ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ በሚጤስ ማገዶ ሳቢያ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቀንሳል እንጂ ቱቦ ካልተገጠመለት ጭሱን ከቤት አያወጣም። ስለዚህ ከጭሱ መውጫ በላይ በግድግዳው ላይ መስኮት ማበጀት የጥገናው አካል ተደርጎ መታየት አለበት።

ጥገናው ጥቅም ማስገኘቱን ለማሳየት የእህል ሚዛን ይበቃል። ከመጋገሩ በፊት እንጨቱ ይመዘናል፤ በኋላ የተረፈው ይመዘናል፤ እንጀራው ይቆጠራል። አንዲት ጋጋሪ፣ በአንድ ምጣድ፣ ከአንድ ክምር በተወሰደ እንጨት ከጥገናው በፊት ሦስት ጊዜ፣ ከጥገናው በኋላ ሦስት ጊዜ መሥራት ይኖርባታል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ለ30 እንጀራ 9 ኪሎ እንጨት ይነድ ከነበረ ለአንዱ 300 ግራም ይሆናል፤ ከጥገናው በኋላ 7.5 ኪሎ ቢሆን ወደ 250 ግራም ወረደ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መዝኖ መናገር አይገባም፤ የሊጡ ውፍረትና የዕለቱ ነፋስ ብቻውን ይህን ያህል ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። ውጤቱ በጋጋሪዋ ፊት ተሰልቶ በቅድሚያ ለእርሷ ይነገራት።

የመመለሻ ጊዜን በተመለከተ፣ ምድጃ ከተገጠመ ከአንድ ወር በኋላ አንድ ጊዜ መታየት አለበት፤ የመጀመሪያው ምርጊት የሚረግፈው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል። አንደኛው ክረምቱ እንደ ወጣ በመስከረም፣ እርጥበቱ ጭቃውን ካላቀቀው በኋላ ነው። ሁለተኛው በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና ማገዶው ተፈልጦ በሚከተትበት ወቅት ነው። ኅብረት ሥራ ማኅበሩ በመዝገቡ ላይ ከተከፋፈለው ብዛት ጎን ሌላ አምድ ጨምሮ በመስከረም ጉብኝት እሳት ሲነድበት የታየውን ምድጃ ብቻ ቢመዘግብ፣ የትኛው መንደር ጭቃ፣ የትኛው ቁራጭ፣ የትኛው የልክ ምጣድ እንደሚያስፈልገው ከዚያው ገጽ ላይ ይነበባል። ምርጊቱን ለማስተማርም ከመንደሩ ሸክላ ሠሪ ጋር በቀን ክፍያ መዋዋል እኛ ከምናደርገው የአንድ ቀን ትምህርት የተሻለ ሆኖ አግኝተነዋል።